ያለሰለስኩት ቃል

ሥራዬ ካርድ ማውጣት ነው። ሶዶ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ የታካሚ ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ እመዘግባለሁ። ማስተርጎም ከሥራ ድርሻዬ ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ ከሐኪሞቻችን ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ ተመድበው የመጡ ናቸው፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው ደግሞ የሚችለው ወላይትኛ ነው። ወላይትኛ የሚችሉት ነርሶች ሥራ ሲበዛባቸው "ካርድ ክፍል ያለችውን ጥሩልን" ይላሉ። እናቴ የወላይታ ልጅ ናት፣ አባቴ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ ነው ያደግኩት። ሲጠሩኝ ነጭ ጋወን ደርቤ እሄዳለሁ። ጋወኑን ያየ ሁሉ ሲስተር ይለኛል፤ መጀመሪያ አካባቢ አርም ነበር፣ በኋላ ተውኩት።

ልጅቷንም ያወቅኋት ተጠርቼ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ነሐሴ ላይ ነበር። ዝናቡ የሕፃናት ዋርዱን ቆርቆሮ እየደበደበው ሰው የሚያወራው በጩኸት ነበር። አልጋው ላይ የተቀመጠችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ረጅም አንገት ያላት። አንገቷ ላይ ያለው የደም ሥር ከሩቅ ሲመታ ይታያል። ተኝታ መተንፈስ ስለማትችል በሦስት ትራስ ተደግፋለች። አባትየው ከጎኗ ቆሟል። ከቦምቤ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣ ገበሬ ነው፤ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ሳይቀር የቆለፈ፣ ለመቀመጥ ፈቃድ የሚጠብቅ ዓይነት ሰው።

የነገረኝ ታሪክ በዋርዱ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሮዋን ታማ ነበር። ጉሮሮዋ በራሱ ዳነ። ከሳምንታት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ ወድቃ ይሆናል ብለው በቅቤ አሹላት፣ እሱም ተሻላት። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ እየተቀመጠች ማረፍ ጀመረች። ዘንድሮ ደግሞ ትኩሳት ያዛት፤ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወሰደች፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቃትም። ከቤታቸው እስከ መኪና መንገድ በጀርባው አዝሎ ነው ያመጣት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከሰሜን የመጣና ሶዶ ገና ዓመት ያልሞላው። የልቧን አልትራሳውንድ ካየ በኋላ የላቦራቶሪ ወረቀት ገልብጦ ልብ ሣለ።

"ልብ ውስጥ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች አሉ በያቸው" አለኝ። "ያ የጉሮሮ በሽታ አንዱን ቫልቭ ጎድቶታል። አሁን ደግሞ በተጎዳው ቫልቭ ላይ ጀርም ሰፍሮበታል። ጀርሙ እንደ ሥጋ በቅሏል። በየቀኑ ቫልቩን ይበላዋል።"

ቫልቭን በወላይትኛ ምን ልበለው? ዎዛና ልብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል አልነበረኝም። በር አልኩት። ልቧ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፣ አንዱ በር ላይ መጥፎ ነገር በቅሎበታል አልኩ። አባትየው ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው።

"በመድኃኒት ይረግፋል?" አለ።

ሐኪሙ መልሱን ሳይሸፍን ነገረን። ስድስት ሳምንት ሙሉ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ጀርሙን ሊገድለው ይችላል። ግን የበቀለው ነገር ትልቅ ነው፤ ቫልቩም ክፉኛ ተጎድቷል። ስለዚህ ደረቷ ተከፍቶ መጽዳት፣ ከተቻለ መጠገን፣ ካልተቻለ መቀየር አለበት። ይህ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው አዲስ አበባ ነው። ስሟን ልኳል፤ እስኪጠሯት መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ትጠብቃለች። የዚያን ቀን ያለውን ሁሉ ምንም ሳላጓድል ነበር ያስተረጎምኩት።

ከዚያ በኋላ ሳልጠራም መሄድ ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት ጎራ እላለሁ። መድኃኒቱ እየሠራ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ወረደ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ትራስ በቃት፣ አባቷ ከገበያ የሚያመጣላትን ቅቅል ጎዳሬ መጨረስ ጀመረች። ደብተሯን አስመጥታ ነበር። የመድኃኒቱ መርፌ ያልተተከለበት እጇ ቀኙ ስለነበር መጻፍ ትችላለች። በጸሎት ቤታቸው የሕፃናት መዘምራን ውስጥ ናት፤ ድምፅ አውጥታ መዘመር ስለሚያደክማት ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች።

ጊፋታ እየደረሰ ነበር። በእኛ ዘንድ ዘመን የሚለወጠው ያኔ ነው፤ ሩቅ ያለ ሁሉ ቤቱ ይገባል። በዋርዱ ያሉ አስታማሚዎች ወሬያቸው ሁሉ ስለ እሱ ሆነ። ልጅቷ ስለ ታናናሾቿ፣ ስለ አዲስ ልብስ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ስለሚያርደው በሬ ታወራለች። ጨቅላ ልጅ ይዛ ቤት የቀረችውን እናቷን ካየች ወር ሊሞላት ነው።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ ታካሚዎቹን እየዞረ ሲያይ አባትየው ጠየቀ። ለአራት ቀን ወስጃት ልመለስ፣ ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ እየበላች ነው አለ። አስተረጎምኩ።

ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። "አይሆንም" አለ። "ትኩሳቱ ጠፋ ማለት በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። የበቀለው ነገር እዚያው አለ። ቁራጩ ከተገነጠለ ከደም ጋር ሄዶ አንጎሏን ይመታል። መንገድ ላይ ልትሞት ትችላለች። መድኃኒቱም አንድ ቀን መቋረጥ የለበትም። ልክ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። ልትሞት ትችላለች በያቸው።"

ወደ አባትየው ስዞር መሃል ላይ ያለችው ልጅቷ ናት። ትራሷን ተደግፋ አፌን እያየች ነው፤ ለበዓል የምትሄድ ወይም የምትቀር መሆኗን ከእኔ አፍ ልትሰማ። እዚያች ልጅ ፊት፣ በእናቷ ቋንቋ ያንን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ስለ ደግነቴ አይደለም የምጽፈው፤ አቅም አጣሁ እንጂ።

"ዶክተሩ ባትሄዱ ይሻላል ይላል" አልኩ። "መድኃኒቱ ገና አላለቀም። መንገዱም ያደክማታል።"

"ይሻላል ነው ያለው?"

"አዎ። ይሻላል።"

አባትየው አንገቱን ነቀነቀ። ሐኪሙ "ገባቸው?" አለኝ። "ገብቷቸዋል" አልኩት። ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ፀሐይ ላሙቃት ብሎ አውጥቷት በዚያው ሄደዋል። ለአጎራባች አልጋ እናት "ለበዓሉ ብቻ ነው፣ እንመለሳለን" ብሏት ነበር። ሐኪሙ መስኮቴ ድረስ መጣ። ከፊቴ ወረፋ የያዙ ሰዎች አሉ፤ ከራሳቸው በላይ አሻግሮ ጠየቀኝ።

"ነግረሻቸው አልነበር?"

"ነግሬያቸዋለሁ" አልኩ።

የአባትየውን ስልክ ደጋግሞ ደወለ፣ ዝግ ነው ይላል። በዓሉን እኔም ቤቴ ዋልኩ። ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

በአራተኛው ቀን መጡ፤ ቃሉን ጠብቋል። ከመኪና ሲያወርዳት ግራ እጇ ተንጠልጥሏል። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጎትቷል። አባትየው ከሐኪሙ በፊት ለእኔ ነው የነገረኝ፤ በበዓሉ ቀን ከእህቶቿ ጋር ተቀምጣ ስትበላ ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። እናቷ ለምን ትጥያለሽ ብላ ተቆጣቻት። አንሺው ስትላት እጇ አልታዘዘም።

ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ማንም ሳያስረዳኝ አውቄዋለሁ።

አዲስ አበባ አልጋ የተገኘው በዚያው ሳምንት ነው። አባትየው መስኮቴ ጋ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። "እዚያ ወላይትኛ የሚሰማኝ የለም" አለኝ። "አንቺ ስትነግሪኝ ነው የሚገባኝ። ከእኛ ጋር ነይ።" የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁና በአምቡላንሱ አብሬያቸው ሄድኩ። ልጅቷ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ሆኖ የሆሳዕናን መንገድ በመስኮት ስታይ ነበር። ከቦምቤና ከሶዶ ወዲያ አይታ አታውቅም።

የልብ ቀዶ ሐኪሟ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች። ልጅቷን ካየች በኋላ ልታናግረን አልጋው አጠገብ ቆመች። "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ኮሪደር ላይ ብንሆን?" አልኳት። ወጣን።

"ሁለት ክፉ ነገር መሃል ነን" አለች። "ቫልቩ እየተበላ ነው፤ ልቧ ከዚህ በላይ አይችልም። ሌላ ቁራጭም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቶሎ መክፈት አለብን። በሌላ በኩል አንጎሏ የተመታው ገና በቅርቡ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ ልቧን አቁመን ደሟን በማሽን ነው የምናዞረው፤ ደሙ እንዳይረጋ የሚያቀጥን መድኃኒት እንሰጣለን። ያ መድኃኒት የተመታውን ቦታ ሊያደማው ይችላል። ከደማ ትሞታለች። ካልከፈትናት ግን መሞቷ አይቀርም። ጥቂት ቀን እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንከፍታለን፤ አባቷ ከተስማሙ።"

ሁሉንም ነገርኩት። ልብ ይቆማል የሚለውን፣ ማሽኑን፣ መድማቱን። ሞት ያለችበት ቦታ ሁሉ ሞት አልኩ። አባትየው ግድግዳውን ተደግፎ ሰማኝ።

"ያልሽው ሁሉ እሷ ያለችው ነው?"

"ሁሉም።"

"ይቺ ዶክተር አፏ ከባድ ነው" አለ። "የእኛው እንዲህ ተናግሮ አያውቅም።"

መልስ መስጠት የነበረብኝ ያኔ ነው። የስምምነት ወረቀቱን አቀበልኩት። እሱ ፈረመ፤ ስሙን ወላይትኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል እየለቀመ፣ ቀስ ብሎ።

ለቀዶ ሕክምናው በምትገባበት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አባቷ ሊጸልይ ወደ ግቢው ወጥቶ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነው። በአማርኛ ጀመረች፤ ከእኔ ጋር አማርኛ ስታወራ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው።

"ሲስተር፣ ያን ቀን እኔ ሰምቻለሁ።"

"ምን ሰማሽ?"

"ዶክተሩ ያለው። ልትሞት ትችላለች አለ።" አፏ ስለተጎተተ ቃላቱ ይንሸራተታሉ። "አማርኛ እኮ አውቃለሁ። ከክፍል በአማርኛ አንደኛ እኔ ነኝ።"

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ።

"አንቺ ይሻላል ብለሽ ተረጎምሽ" አለች። "እኔ ደስ አለኝ። ለአባዬ ልነግረው እችል ነበር፣ ዝም አልኩ። እማዬን ማየት ፈልጌ ነው።" ከዚያ ወደ ወላይትኛ ተመለሰች። "የእኔን ለአባዬ እንዳትነግሪው። እሱ ሲያዝን አይናገርም፣ ምግብም አይበላም።"

እሺ አልኳት። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ግን ይቅርታው ለእኔ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለእሷ አይጠቅማትም፣ ለነገው የሚበቃት ፍርሃት አላት ብዬ ተውኩት። ፀጉሯን ጨርሼ ሁለት ጉንጉን ሠራሁላት።

በማግስቱ ጠዋት ገብታ እስከ ከሰዓት ቆየች። አባትየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው። "አሁን ልቧ ቆሟል ማለት ነው?" አለኝ። "ምናልባት አሁን ቆሟል" አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ቀዶ ሐኪሟ ስትወጣ ፊቷ ላይ የጭንብሉ ክር ምልክት ነበር። ቫልቩ ተበልቶ የሚሰፋ ነገር አልቀረውም፤ በቅሎ የነበረውን ሁሉ ጠርገው አውጥተው በብረት ቫልቭ ቀይረውታል። ልቧ ሲነቃ በራሱ መምታት ጀምሯል። ቀጣዮቹ ቀናት ናቸው የሚያስፈሩኝ አለች።

በሁለተኛው ቀን ነቃች። ጋወንና የጫማ ሽፋን አልብሰው ተራ በተራ አስገቡን። ያ አንገቷ ላይ የሚዘልለው የደም ሥር ጸጥ ብሏል። እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። በቀኝ እጇ የአባቷን ጣት ያዘች። ቱቦውን አውጥተውላት ስለነበር ድምፅ ነበራት፣ ሻካራ። ውሃ አለች። መጠጣት ገና አልተፈቀደላትም፤ ነርሷ በእርጥብ ጥጥ ከንፈሯን አረጠበችላት፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ እኔ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልነቃ አለች። የጭንቅላቷ ምርመራ የተመታው ቦታ መድማቱን አሳየ። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ቀዶ ሐኪሟ በዚያው ኮሪደር አባትየውን አስቀመጠችው፣ እሷም ከፊቱ ቁጭ አለች። ወደ እኔ አላየችም፤ እሱን እያየች ነው የተናገረችው። አጭር ነበር። በወላይትኛ ደግሞ የበለጠ አጭር ሆነ። ልጅህ ሞታለች አልኩት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሐኪሟን "ጦሳ ይባርክሽ በያት" አለኝ። ጦሳ እግዚአብሔር ነው። አልኳት። ሐኪሟ አለቀሰች።

አስከሬኑን ይዘን ስንመለስ ሹፌሩ ሆሳዕናን እንዳለፍን ሻይ ልጠጣ ብሎ ቆመ። እኔና አባትየው ከመኪናው ጎን ቆመን ቀረን። ከዚህ በኋላ ሰው መሃል እንገባለን፣ ለቅሶው ይጀመራል፣ ከዚያ በኋላ ድፍረት አይኖረኝም ብዬ ነገርኩት። የሶዶው ዶክተር "ይሻላል" አላለም። "ልትሞት ትችላለች" ነው ያለው፤ ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። የልጅቷን ምስጢር አልነካሁም።

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ይመታኛል ብዬ ሳይሆን አያናግረኝም ብዬ ነበር የፈራሁት።

"ብትነግሪኝ እቀር ነበር?" አለ፤ እኔን ሳይሆን ራሱን የጠየቀ ይመስላል። "አላውቅም። እቀር ነበር ልልሽ እፈልጋለሁ። አላውቅም።" "ለእናቷ ግን አትንገሪ" አለኝ። "እሷ ጦሳ ወሰዳት ብላ ነው የምትቀመጠው። ያንን አትውሰጂባት።"

ለሐኪማችንም ነገርኩት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "እኔም ልጅቷ ፊት መናገር አልነበረብኝም" አለ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር ሲኖር ኮሪደር እንወጣለን። ዘንድሮ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ አዲስ የመጣችውን ሐኪምም እንዲሁ አስለመድኳት።

ባለፈው ወር መስኮቴ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። በለቅሶው ቀን ስላየኋት አወቅኋት፤ የልጅቷ እናት ናት። አንዲት ትንሽ ሴት ልጇን ይዛለች። ጉሮሮዋን የታመመችው ትናንት ነው፣ ሳላሳድር አመጣኋት አለች። አሁን እዚያ ቀበሌ ጉሮሮ የታመመ ልጅ ቤት አይቀመጥም፤ አባትየው በጸሎት ቤት ተነስቶ ለሰዉ ተናግሮ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን አቮካዶ በመስኮቱ አሳለፈችልኝና እጄን ያዘች።

"እስከ መጨረሻው ከልጄ ጋር የነበርሽው አንቺ ነሽ" አለች። "እሱን ስጠይቀው አይነግረኝም። መጨረሻ ላይ ምን አለች?"

"ውሃ አለች" አልኳት።

"ሰጣችኋት?"

አዎ ብል ደስ ይላት ነበር። አፌ ላይም ደርሶ ነበር።

"መጠጣት አልተፈቀደላትም ነበር" አልኩ። "በእርጥብ ጥጥ ከንፈሯን አረጠብንላት። አንዴ ነርሷ፣ አንዴ እኔ።"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትንሿ ልጅ እናቷን ቀና ብላ ታያለች። ሌላም ልጠየቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ለምን ሄዱ፣ ማን ሂዱ አላቸው የሚለውን። አልጠየቀችኝም። ዓይኗን ጠርጋ የልጇን እጅ ያዘችና የጉሮሮው መርፌ የሚሰጠው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከወንበሬ ተነስቼ ራሴ ወሰድኳቸው።